የእትዬ ወገብና ጥቁሩ ጎሚኒ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «አትነቃነቅ» ይለዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ከሱ አፍ ቀድሞ የሚሰማው ይህንኑ ነዋ! ጉዱ ግን፣ በዚያች ፀጉር ቤት የማይነቃነቅ ሰው ቢፈለግ እሱ የመጨረሻው ነው። የአንዱን ሰው ጆሮ ዙሪያ ሳይጨርስ መስኮቱ ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ ደጅ የቆመችውን መኪናውን አይቶ ይተነፍሳል፤ መቀሱን አስቀምጦ ማበጠሪያ ያነሳል፤ ደግሞ መስኮት። ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ግማሹ ጫካ እንደሆነ የቀረ ደንበኛ ስንቱ ነው። ሚስቱማ «ተኝቶም እግሩ ሰፈር ይዞራል» ትላለች።

መኪናዋ በዕድሜ የምትበልጠው፣ ክብ ዓይናማ አሮጊት ናት። ቀለሟ ያምራል፣ ሞተሯም ገና አላሳፈራትም። ችግሯ ከሥር ነው። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ሲጥ ሲጥ እያለች ሰፈሩን ትሰበስባለች። የጎማውን እግር የሚይዘው ብረት፣ ብራቾው፣ ከሻንሲው በሚጋጠምበት ቦታ ንዝረቱን የሚውጡት ጎሚኒዎች፣ እነዚያ ቀለበት የሚመስሉ የላስቲክ ቁራጮች፣ አልቀው ብረት ከብረት ይፋጫል።

ጩኸቱን እሱ ለምዶታል። እንቅልፍ የነሳው የእትዬ ነገር ነው። እትዬ ታላቅ እህቱ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህም አሳዳጊው ናት። ወገቧን ከታመመች ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ተዘግታ ትኖራለች። በቀደም መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ ጎረቤት እስኪሰማት ወለሉ ላይ ስትጣራ ቆየች። እሱ በራሱ ቤት ምድር ላይ ያለውን ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ አልጋ ዘርግቶ «ነይ እኔ ጋ» ይላል። እሷ ሰበብ ጠፍቶባት አያውቅም።

«በዚያች ቃጭል ተጭኜ? ወገቤን እዚሁ ስበረውና ይለይልን!»

«በታክሲ ልውሰድሽ እትዬ።»

«ወንድሟ መኪና እያለው በሰው መኪና መጣች ልባል? ያቺ ጩኸቷን የተወች ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ አትነዝንዘኝ።»

እንደማትተው እርግጠኛ ሆና ነው ያለችው። እሱ ግን ቃሏን ይዞ፣ ያለቀውን ጎሚኒ ለናሙና ኪሱ ከቶ ወደ መለዋወጫ ሱቅ በረረ። ኪሱ የሥራ ሽርጡ ኪስ ነበርና ጎሚኒው የሰው ፀጉር ለብሶ ወጣ።

«ይሄ ጎሚኒ ነው አይጥ?» አለች ባለሱቋ። ጠርጋ፣ ውስጡንም ውጭውንም ለክታ፣ ሁለት ዓይነት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፦ አንዱ ቀይና ደረቅ፣ አንዱ ጥቁርና ለስላሳ።

«ቀዩን! ቀዩ ጠንካራ ነው፣» አለ አትነቃነቅ፣ አንድ እግሩ በሩ ላይ ሆኖ።

«ማንን ልትጭንበት ነው?»

«እህቴን። ወገቧን ያማታል።»

«እንግዲያው እጅህን ሰብስብ። ቀዩ አያረጅም፣ ግን ወሬኛ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ ሄዶ ለወገብ ይነግራል። ጥቁሩ ቶሎ ያልቃል፣ ግን ምስጢር ይጠብቃል። ጥቁሩን ውሰድ። ስትገጥመው ደግሞ...»

ከፍሎ ሄዷል።

ያን ዕለት መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ሁሉንም ብሎን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። ሲያወርዳት ቂጧን የተወጋች ይመስል ቀጥ ብላ ቆመች። «ወጣት ሆነች!» ብሎ ጨፈረ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ሲጥ! ያውም ከድሮው ብሶ። ፈትቶ ቢያይ አዲሱ ጎሚኒ ተቀዳዷል።

«አጭበረበርሽኝ!» ብሎ ሱቅ ገባ።

«ምን ብዬህ ነበር?»

«ጥቁሩን ውሰድ አልሽ፣ ወሰድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ወጣሁ።»

«አዎ፣ ወጣህ! የቀረውን ለበሩ ነው የነገርኩት። መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች ካጠበቅከው ጎሚኒው በዚያው ይያዛል፤ መሬት ስትረግጥ ይጠመዘዛል፣ ይቀደዳል። የሰው አንገት ወደ ኋላ አዙረህ በዚያው ኑር እንደማለት እኮ ነው! ብሎኑን ላላ አድርገህ ግጠም፣ አውርዳት፣ ክብደቷ ይረፍ፣ ከዚያ አጥብቅ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ? ጎሚኒውን አልሰጠሁህም!»

በማግስቱ የጎረቤቱ ጋራዥ፣ ከሥር ለመሥራት የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ መኪናዋን አቁሞ፣ በክሪክ አንስቶ፣ እንደተባለው ላላ አድርጎ ገጥሞ አወረዳት። ከዚያ እስክትረጋ መጠበቅ። እጁ የብሎን መፍቻውን ይፈልጋል፤ ጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠበት። ጉልበቱ ግን ይዘላል። ባለጋራዡ አጎንብሶ «አመመህ እንዴ?» ቢለው «አታናግረኝ፣ እየሠራሁ ነው» አለው። ሲጨንቀው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከሥሯ ገብቶ አጠበቀ።

እትዬ በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

«በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«በመኪና።»

«አልሰማሁህም እኮ።» ወደ መስኮቱ አዝግማ ቁልቁል አየች። «ድሮ ከመታጠፊያው ስትጮህ መጣ ብዬ በር እከፍት ነበር። እንዲህ ዝም ካለች መምጣትህን ማን ይነግረኛል?»

አትነቃነቅ ለአንድ አፍታ፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለበት ቀጥ አለ።

«እኔ ጋ ምድር ቤት ከሆንሽ እኮ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም፤ ማታ ማታ እዚያው ነኝ።»

እትዬ ነጠላ ጫማዋን ለመፈለግ ዞረች፣ እስክታገኘው ድረስ ጫማውን ሰደበችው፣ ከዚያ የወንድሟን ትከሻ ይዛ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች።

መንገድ ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ድምፅ የለም። እሱ ግን አላመነም፤ መሪውን ይዞ ዓይኑ ከመንገድ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ ፊቷ ይሯሯጣል። «አመመሽ? ይሄኛውስ? አሁንስ?»

«ወደ ፊት እያት መንገዷን!» ብላ ጆሮውን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ልጅ እያለ ፀጉሩን ስትቆርጠው ታደርገው እንደነበረው። «አትነቃነቅ!»