ሳልመነኩስ የመነኮስኩባቸው ተራሮች

ስደተኛ ሁሉ ወሬውን ሲጀምር "በጨለማ ተነስቼ" ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ያውም በዕለተ ዓርብ፣ አርብ ገበያ ከተማችን ውስጥ ሰውና አህያ ተጋፍቶ መተላለፊያ በጠፋበት ሰዓት። ታች ጋይንት ውስጥ የማያውቀኝ የለም፤ በሌላ ቀን ሚኒባስ ብሳፈር "ወዴት ነው?" የሚለኝ ብዛቱ! በገበያ ቀን ግን ማን ማንን ያያል? ባለቤቴ እናኑ ብቻ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ሰው እንዳይጠረጥር እህል የምትገዛ መስላ ቆመች፤ እንባ የሚባል አላሳየችኝም። "በዓመት ውስጥ አስመጣሻለሁ" አልኳት። አይ አፌ! ይኸው አምስተኛ ዓመቴ።

ንፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ መተማ እያልኩ አላደክማችሁም። የበረሃውንና የባሕሩን ነገር ያየ ያውቀዋል፤ ያላየም አይየው። ብቻ መጨረሻ ላይ በርገን የምትባል የኖርዌይ ከተማ ደረስኩ። ዙሪያዋን ተራራ ነው። ዝናቧ ደግሞ ጉድ ነው፤ የእኛ ነሐሴ ቢጨክን ቢጨክን መስከረም ላይ ይለቅቃል፣ እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ ነሐሴ ነው።

የምኖርባት ክፍል ሂበል ትባላለች፤ ምድር ቤት ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚታየኝ የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። አከራዬ ኦድቫር የሚባል ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። ወጥ በሠራሁ ቁጥር ከላይ ይወርዳል።

"የሚቃጠል ነገር አለ?"

"የለም፣ በርበሬ ነው።"

"በርበሬ መሆኑንማ አውቃለሁ። እየተቃጠለ ነው ወይ ነው የምልህ።"

ጉዳዬን የያዘችው የመንግሥት ሠራተኛም ከእሱ አትሻልም። አንድ ቀን በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ አለችኝ። እቀመጣለሁ አልኳት።

"እሱ ጥሩ አይደለም። ቱር ውጣ።"

"ቱር ምንድን ነው?"

"ተራራ ትወጣለህ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ትወርዳለህ።"

"ምን ይዤ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ጠፍቶኝ ነው የምወጣው?"

ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች እግዜር ይወቅ። በእኛ አገር ተራራ የሚወጣ በቅሎ የጠፋችበት፣ እንጨት ያለቀበት ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ነው። እንዲያው ወጥቶ ባዶ እጁን የሚወርድ ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል።

ግን ወጣሁ። ምን ላድርግ? እናኑን የማመጣበት ጉዳይ ቢሮ ገብቶ አልወጣ አለ። በአገሩ ሰላም ሲጠፋ ስልኩ አብሮ ጠፋ። ቁጭ ስል ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ስተኛ እግሬ ይነሳብኛል። መጀመሪያ ፍሎየን የሚባለውን ተራራ ወጣሁ። ከከተማው ገበያ ጀርባ ሽቅብ ሲኬድ ወዲያው ጫካ ነው፤ ከላይ ኩሬ አለ፣ ቀዝቃዛና ጥቁር ውሃ። ቀጥሎ ኡልሪከን። የእሱን ዳገት ከታች እስከ ላይ በድንጋይ ደረጃ አድርገውታል፤ የሠሩት ከኔፓል የመጡ ደገኞች ናቸው አሉ። ደረጃው ላይ አረፍ ብዬ የእጃቸውን ሥራ ሳይ የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ መንገድ የለም። ፏፏቴውን፣ ከተማው መካከል ያለውን ፓርክ፣ ባሕሩ ዳር ያለውን ዱር፣ ሁሉንም ዞርኩት። ዝናብ በለው ጭጋግ፣ ቅዳሜ ከሆነ እኔ ዱር ነኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ግን አትሳቁ። እዚህ አገር ከተማ ውስጥ ሰው ለሰው ሰላም አይልም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ተራራው ላይ ግን ያገኘኸው ሁሉ "ሃይ! ሃይ!" ይላል፤ አሮጊቷም፣ ልጅ ያዘለውም፣ የሚሮጠውም። ያው ሰላም ያለኝ ሰው ታች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ የጋይንት ሰው ነኝ፤ የከብቱን ደኅንነት ሳይቀር ተጠያይቀን ነው የምንተላለፈው። ስለዚህ ስንቱ ሰው ሰላም እንዳለኝ እየቆጠርኩ እወርዳለሁ።

በየሄድኩበት ፎቶ እየተነሳሁ ለእናኑ ወንድም ለደሳለኝ እልካለሁ። እሱ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነው፤ ስማርት ስልክ ያለው እሱ ብቻ ነው። ኔትወርክ ስለሌለ አይደርስም፤ ቢሆንም እልካለሁ። ክፍሌን አንድም ቀን አላነሳኋትም። እንዴት ብዬ?

ባለፈው ወር የእናኑ ፈቃድ ወጣ። በተቆረጠላት ቀን አዲስ አበባ ኤምባሲ ትቅረብ ተባለ። በዚያው ሳምንት የንፋስ መውጫ ስልክ ተለቀቀና የሰባት ወር ፎቶ ደሳለኝ ላይ በአንድ ጊዜ ዘነበበት። እልል ልል ስል ቀድሞ ደወለ።

"አባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ይፍቱኝ።"

"ማንን ነው?"

"እርስዎን ነዋ።"

"ደሳለኝ፣ ጠጥተሃል እንዴ?"

"ኧረ በስመ አብ! ፎቶውን አይተን እኮ ነው። ጫካው፣ ፏፏቴው፣ ጢምዎ፣ መቋሚያዎ፣ ቢጫ ልብስዎ። አጠገብዎ ደግሞ ሰው የሚባል የለም። አባየ እንኳ አይተው 'እንግዲህ ስማቸው ለዚህ ዓለም ሞቷል' አሉ።"

ስማቸው የተባልኩት እኔ ነኝ፤ አባየ የሚላቸው ደግሞ የእሱንና የእናኑን አባት መሪጌታውን ነው። ቢጫው ልብስ ኦድቫር የሰጠኝ የዝናብ ካፖርት ነው፤ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። መቋሚያውም የዳገት ምርኩዝ ነው። ግን ምን ብዬ ልቆጣ? በእኛ አገር ሁሉ ታርሶ ዛፍ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። ጢሙን አሳድጎ፣ ቢጫ ለብሶ፣ ዛፍ ሥር ብቻውን የቆመ ሰው ገዳም ካልገባ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

"ሰው ሚስቱን ሳያስፈቅድ ይመነኩሳል እንዴ?" አልኩት።

"አባየም እሱን አንስተው ነበር። በኋላ ግን 'አስፈቅዷት ይሆናል፣ ኔትወርክ ጠፍቶ አልደረሳትም' አሉ።"

"እናኑስ?"

"ሽማግሌ ተልኮባታል። ሰውየው ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ደህና ሰው ነው። አባየም ገና ልጅ ናት ብለው..."

"ስጣት! አሁኑኑ ስጣት!"

ለገበያ መጥታ ኖሮ አጠገቡ ነበረች።

"እናኑ፣ እኔ ነኝ። አልመነኮስኩም።"

"ታዲያ ዱር ለዱር ምን ትሠራለህ?"

የሰላምታውን ነገር ነገርኳት። እየነገርኳት አፈርኩ።

"ሰላምታ ፍለጋ ነው የምትዞረው?"

"አዎ።"

ከዚያ አለቀሰች። "እኔኮ እግዜር ወሰደብኝ ብዬ ችዬው ነበር፤ ከሱ ጋር ሙግት የለም ብዬ። ሰው ርቦህ መሆኑን ባውቅ መች እችለው ነበር!" አለች። እኔም አልቻልኩም፣ አብሬ አለቀስኩ። ፈቃዱ እንደወጣ፣ ቀኑም እንደተቆረጠ ነገርኳት። እመጣለሁም አላለች፣ እቀራለሁም አላለች።

"ቤትህን አሳየኝ" አለች። "ጫካህን ጠግቤዋለሁ።"

ስልኩን በምስል አደረግሁና አዞርኩላት፤ ምድጃዋን፣ አልጋዋን፣ ጫማ የሚያልፍባትን መስኮት።

"ውይ! ይቺማ እውነተኛ የመነኩሴ በዓት ናት!" ብላ እያለቀሰች ሳቀች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሁለት ሰው ትይዛለች?"

"አልጋውን ግድግዳው ድረስ ብናስጠጋው ትይዛለች።"

"እስቲ አስጠጋውና ልየው።"

ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፌ በሁለት እጄ ገፋሁት። እግሩ ወለሉን እየጫረ ጮኸ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ኦድቫር ከላይ።

"ሚስቴ ናት!" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ግድግዳው ጋ አድርሼው፣ "አየሽ? ሰፊ ቦታ አለ!" ብዬ ዞር ስል ስልኩ ጠቁሯል። ኔትወርኩ ሄዷል።

ይኸው አሥራ አንድ ቀኑ። ቀጠሮዋ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እደውላለሁ፣ አይጠራም። እባካችሁ ወደ ጋይንት የምትሄዱ፣ ወይም እዚያው ሆናችሁ ይህን ያነበባችሁ፣ ለእናኑ ንገሩልኝ፦ አልጋው ግድግዳው ጋ ደርሷል፣ ቦታ አለ።