«ሞቅ የሚያደርጋት ነገር ስጧት!»

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብዬ ጎመን ስቀነጥስ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ሰላም ከዋና መጣች። እዚህ ለቡ ጣራ የሌለው ገንዳ አለ፤ በዚህ በታኅሣሥ ብርድ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ገብታ ስትንቦጫረቅ ትቆያለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ቀጥታ ወደ ሻወር!

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ በፈላ ውሃ ልለቅለቅ፣ በረደኝ።»

«ቁሚ! ከዚህ ብርድ በአንዴ ፈላ ውሃ ገብተሽ፣ ራስሽን ስተሽ ልትወድቂብኝ ነው? መጀመሪያ እርጥቡን አውልቂ።»

አደራረቅኳት፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደረብኩላት፣ ራሷን ጠቀለልኩላት። «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ፣ እሷም ትጻፈው።

ያደግሁት መካኒሳ ነው። ያኔ ታች ያለው ወንዝ ንጹህ ነበር፤ ጠጠሩ ከላይ ይታያል። አሁንማ ሽታው አያስጠጋም፣ ተዉት። ልብስ ለማጠብ የምንወርደው እኔና አብሮ አደጌ አስካለ ነን። ዳሩ ላይ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ውሃው ጠለቅ ይላል። ዋና ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ በድብቅ። እናቴ ብትሰማ አለቀልኝ፤ ሴት ልጅ ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ለእሷ ነውር ነው። ለልብስ ማጠብ ካልሆነ ወንዝ መውረዱንም ትከለክለኛለች። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ ውሃ ሌላ ደስታ የለኝም።

አንድ ቀን በታኅሣሥ፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ እንደተኛ፣ መቀነቴን ፈትቼ ከነቀሚሴ ገባሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ያሳጣል፣ እንደ መርፌ ይወጋል። ቆይቶ ግን ተወኝ። ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ። መልመድ መስሎኝ! ለካ ገላዬ መስማት ትቷል።

ስወጣ ደህና ነበርኩ፤ የባሰብኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። እናቴ እንዳታውቅብኝ እርጥቡ ቀሚስ እላዬ ላይ ይድረቅ ብዬ ነፋሱ ላይ ተቀመጥኩ። መቀነቴን ልታጠቅ ብል ጣቴ እምቢ አለ። አስካለን ልጠራት ብል ምላሴ ተሳሰረ።

«ምነው እንደ ሰካራም ትኮላተፊያለሽ?» ብላ ሳቀች። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ሳቋ ጠፋ። ደግፋ ወንዙ ዳር ወዳለው ቤት ወሰደችኝ። እዚያ የሚኖሩት የአገሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ባልየው ጋሽ ደበሌ፣ ሚስቱ እትዬ ጫልቱ።

«ሞቅ የሚያደርጋት ነገር ስጧት፣ ልትሞትብኝ ነው!» አለች አስካለ እያለቀሰች።

ጋሽ ደበሌ ሮጦ ገባና ምን ይዞ ቢወጣ ጥሩ ነው? የአረቄ ጠርሙስ! እሱ «ሞቅ» ሲባል የሚያውቀው ያንን ነው። ቡሹን ነቅሎ ወደ አፌ ሊያስጠጋ ሲል እትዬ ጫልቱ እጁን ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ! አሙቋት አሉ እንጂ አስክሯት አሉ?»

«ሞቅ ካላት ብርዱ ይለቃት የለ?»

«አንተን ሞቅ ብሎህ አይደል ደጅ ተኝተህ ስታስል የከረምከው? ሂድ፣ ጋቢህን አምጣ!»

አስካለን አጥሚት እንድታሞቅ ላከቻት። እኔን ጓዳ አስገብታ እርጥቡን ገፈፈችልኝ፣ ሳታሸኝ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረገች አደረቀችኝ፣ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ። ጋቢውን ከራሴ ጀምራ ጠቀለለችብኝና ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። ቅቤ ቅቤ ትሸታለች። እሳቱን ሳይ እግሬን ልከትበት ምንም አልቀረኝ። ሳበችኝ።

«አሁን እግርሽ አይሰማም፤ ቢቃጠልም አታውቂው።»

«መንቀጥቀጡ አልተወኝም» አልኳት።

«ይንቀጥቀጥ፣ ተይው። እሱ ነው የሚያሞቅሽ።»

አጥሚቱንም ኩባያውን ራሴ መያዝ እስክችል ድረስ አላቀመሰችኝም። ማር ጣል አድርጋበታለች። ያ ሙቀት ከሆዴ ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ ጣቶቼ ሲሄድ፣ ይሄው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ቤት ስገባ በሰው ቀሚስ ነኝ። ምን ብዬ ልዋሽ? ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፣ እጄን ዳሰሰች፣ «ሴት ልጅ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። በማግስቱ የእትዬ ጫልቱን ቀሚስ አጥባ ራሷ ይዛላት ወረደች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስትመለስ ግን፣ «ሁለተኛ ደረቅ ልብስ ሳትይዢ ውሃ ብትገቢ እግርሽን ነው የምሰብረው!» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ አትግቢ አላለችም። እኔማ ወዲያው ነው ልብ ያልኩት!

ሰላም ዛሬ ቀስ እያለች ሞቀች። ጉንጯ ቀላ፣ ወሬዋ ተመለሰ፤ አሁን «ቀስ በይ እማዬ፣ እጄ ደከመ» እያለችኝ ነው። ከብርድ የሚመለስ ሰው ማየት ደስ ይላል። እንደ ሕፃን እንቅልፍ ነው፣ በጥድፊያ አይቀሰቀስም።

ይህን ስናወራ ጎረቤቴ አበበች ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «አንቺ! ስንት ዘመን ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ዋና እንደምትችዪ አትነግሪኝም?» አለችኝ። ከዚያ ሰላም እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለመሆኑ የዋና ልብስ በእኔ ልክ ይገኛል?»