አክስቴ ሙዝና የነቀለቻቸው ቁጥሮች

ሙዝና የምትባለው አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ለዶክተር ኢልሃም አስተርጓሚ የሆንኩት በዓረብኛ ከአክስቴ ስለምሻል ብቻ ነው።

ዶክተሯ በየዓመቱ ከዓደን እየመጣች ዲክሳም አምባ ላይ ያሉትን የደም ዛፎች ትለካ ነበር። ሲቆረጡ ቀይ ሙጫ የሚያፈሱት እነዚህ ዛፎች ከእኛ ከሶቆጥራ ደሴት በቀር የትም አይበቅሉም። የቱ እንዳደገ፣ የቱ እንደሞተ የምትለየው በየግንዱ ላይ በቀለም በጻፈችው ቁጥር ነው። ሜትሯን ስትጠመጥም አክስቴ እያየች፣ ቀሚስ ልትሰፊለት ነው ወይ ትላታለች። ቀለሙን ዝናብ እያጠበው ስላስቸገራት በስምንተኛው ዓመት በየግንዱ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ በሚስማር መታች።

በዘጠነኛው ዓመት ስትመለስ አንድም ቆርቆሮ የለም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ተነቅለዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

አክስቴ መንቀሏን አልደበቀችም። እኛ ዘንድ ፍየል የማን እንደሆነች የሚታወቀው በጆሮዋ ቅድ ነው። ቀለሙን ችላ ብላው ነበር፤ መብሳት ግን ሌላ ነው።

«ዛፉ የአባቴ ነው። ሳትጠይቂኝ ጆሮውን በሳሽው» አለቻት።

ተረጎምኩላት። ዶክተሯ ይቅርታ ጠየቀች፤ የዘጠኝ ዓመት ልፋቷ መና እንደቀረም ነገረቻት።

«ምኑ ቀረ? ይኸው አይደል እንዴ» አለች አክስቴ፣ ከቤት ገመድ እያወጣች። ፍየሎቿን እየተከተለች የነቀለቻቸውን ቆርቆሮዎች ገመዱ ላይ በየተራቸው ሰክታቸዋለች።

ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ ሄድን። እዚህ ግራጫዋ አነከሰችብኝ፣ ስለዚህ በታች ዞርኩ፤ እዚህ ጉም ወረደብንና ቆምን፣ እያለች ዛፍ በዛፍ መለሰቻቸው። በሚስማር ፈንታ በገመድ አሰረቻቸው። አራት ቀን ፈጀ፤ እግሬ ተላጠ። ዶክተሯ ከኋላ የግንዱን ውፍረት እየለካች ከመዝገቧ ጋር ታስተያያለች። መጀመሪያ ትጠራጠር ነበር። ከሠላሳኛው ዛፍ በኋላ መጠራጠሯን ተወች። ሁሉም ልክ ነበር። ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ የሚገርመኝም ጥቂት ነው፤ አንድ ጫካ በሙሉ ሰው ልብ ውስጥ እንደሚያድር ግን አላውቅም ነበር።

ገመዱ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቀረ። ዛፉ ጋ ስንደርስ ነፋስ ከነሥሩ ጥሎታል። አክስቴ ግንዱን ዳበሰችና ቆርቆሮውን ለዶክተሯ አቀበለቻት።

«ይሄኛው ሞቷል፣ ልጄ። በአጠገቡ የበቀለ ቡቃያም የለም፤ የእኔ ፍየሎች ናቸው የሚበሉት። እሱንም ጻፊው።»

ዶክተሯ ጻፈች።