የትኛው ክምር ነው?

እናቴ «ሂጂና ሐይቁ ደርሶበት እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ» ብላ ላከችኝ። የአባቴን መቃብር ማለቷ ነው። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ እኔ ገና ሳልራመድ አባያ ሐይቅ ላይ ጀልባው ተገልብጦ ሞተ። ነፋሱ አስከሬኑን አላሻግር ቢላቸው ጓደኞቹ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት ዳርቻ ቀበሩትና ድንጋይ ከመሩበት። አሁን ሐይቁ በየዓመቱ እየሞላ ዳር ዳሩን ያለውን የሙዝ ማሳ ሳይቀር እየዋጠ ነው። እናቴን ደግሞ ጉልበቷ ጀልባ ላይ አያስወጣትም። ስለዚህ ተራው የእኔ ሆነ።

ከምዕራብ አባያ ዳርቻ ያሻገሩኝ የአባቴ የሥራ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቀባሪዎቹ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት ቀዘፍን። ደሴት መባሏ ለክብሯ ነው እንጂ ድንጋይና አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ናት፤ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ድንጋይ። ቀላ ያለው ውሃ ይመጣል፣ ይሸፍነዋል፣ ይመለሳል። ዓይኔን አዙሬ ስመልስ ቅድም ያየሁትን ድንጋይ አላገኘውም። አዞ ይሁን ግንድ ያልለየሁት ነገርም ነበር፤ እሱን ራቅ ብዬ አለፍኩት።

ችግሩ ክምሩ አንድ አለመሆኑ ነው። አስጋሪዎቹ ጀልባ የሚያስሩትም መረብ የሚያሰጡትም ድንጋይ ከምረው ነው። አምስት ክምር አየሁ። ሁሉም መቃብር ይመስላሉ፤ ደግሞ ሲያዩዋቸው አይመስሉም። አንዱ ጋ፣ ጉልበቴን ውሃ እየነካኝ ተንበርክኬ መጸለይ ጀመርኩ። እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱ የኛ መረብ ማስጫ ነው፣ ልጄ።»

ለመረብ ማስጫ አለቀስኩ። አፈርኩም፣ ተናደድኩም።

«ታዲያ የትኛው ነው፣ ጋሼ?»

ውሃው ግማሹን የዋጠውን አንዱን ክምር እያዩ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው ከፍ ብሎ ቁጥቋጦው ሥር ያለውን አሳዩኝ።

«ያ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ ነኝ የቀበርኩት። እንዴት እረሳለሁ?»

ልመን አልመን ግራ ገባኝ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይባላል፤ እኔ ግን መልሼ ማልቀስ አቃተኝ። እንባዬን ለመረቡ ጨርሼው ኖሯል።

አርባ ምንጭ ስመለስ እናቴ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጠየቀችኝ። ደረቅ ነው፣ ቁጥቋጦው ሥር ነው፣ ውሃ አልነካውም አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ጓደኛው እኔን የወሰደኝ ጊዜ ያሳየኝ ሌላ ክምር ነበር» አለችኝ። «ከዚያ በፊትም ሌላ። ምንጊዜም ውሃ ያልደረሰበትን ነው የሚያሳየኝ።»

«ይህን እያወቅሽ ለምን ላክሽኝ?»

«የሚያሳይሽ ደረቅ ክምር አጥቶ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ከዚያኛው በላይስ ሌላ አለ?»

ልዋሻት አሰብኩ፤ ግን ውሸት መሆኑን እያወቀች ለእኔ ብላ ያመነች መምሰሏ አይቀርም።

«የለም፣ እማዬ» አልኳት። «ያ የመጨረሻው ነው።»