ማመልከቻው ምርቃት ሲጠብቅ

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሳሩ ታጭዶ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ የኔም ድርቆሽ ገና አልተከመረም።

የልጅ ልጄ እኔው ዘንድ ሆና ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው። ፈተናውን አለፈች፤ ተመስገን አልን። ቀጥሎ ደግሞ የምትገባበትን ዩኒቨርሲቲ መርጣ በስልኳ መላክ አለባት ተባለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ምን አውቄ? እሷ ግን ስልኩን ይዛ ፊቴ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ሞልቼ ጨርሻለሁ። ይመርቁኝና ልላከው።»

በኛ ቤት ልጅ እርጥብ ሳር ተይዞ ሳይመረቅ መንገድ አይጀምርም። ልመርቃት ስነሳ አባቷ ከሰበታ ደወለ።

«አባዬ፣ እንዳትልክ! የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ። አንዴ ከተላከ መቀየር የለም አሉ።»

«መቼ ትጠይቃለህ?»

«ሰሞኑን።»

ሰሞኑን አለና ጠፋ። የሚሠራበት ፋብሪካ ስልክ በር ላይ ያስቀራል፤ ማታም ስንደውል ዝግ ነው። መምህሯ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ በጊዜ ላኩ ብሏቸዋል። መዝጊያው ሐሙስ ነው።

ተያዝኩ። ብመርቅ የአባቷን ቃል መርገጥ ነው። ዝም ብል ልጅቷ ልትቀር ነው። ሳር ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ቶሎ ካጨዱት ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ከዘገዩ ገለባ ይሆናል፤ ሰማዩን አይቼ እቆርጣለሁ። ይሄ ግን የሚታይ ሰማይ የለውም። ደግሞም የመረጠችው አገር ሩቅ ነው። ቤቱን ባየሁት ቁጥር እሷ የሌለችበት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና መጣች።

«አባባ፣ ነገ እኮ ይዘጋል።»

«እርጥብ ሳር ሳልይዝ እንዴት ልመርቅሽ? ያለው ሁሉ ደርቋል።»

«ሱሉልታ ተቀምጠው ሳር አጡ?» ብላ ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ግቢዬ ውስጥ የምትኖር ተከራይ አለችኝ። ከወላይታ መጥታ ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ጴንጤ ናት። ከፈረቃ ስትገባ በሩ ላይ ሰምታናለች። ተመልሳ ወጣች። ስትመጣ ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ከወንዙ ዳር የነቀለችውን ለምለም ሳር ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«እኛ እንኳ በባዶ እጅ ነው የምንጸልየው» አለች። «ይኸው አባባ፤ ሌላ ሰበብ አለዎት?»

«አባቷስ?»

«ቢቆጣ እርስዎን ነው የሚቆጣው። ልጅዎ አይደል? ይችሉታል። ይቺ ልጅ ግን ቀኑ ቢያልፍባት ማንን ትቆጣለች?»

ሳሩን ያዝኩ። ልጅቷም ጎንበስ አለች።

«መንገድሽ ይቅና። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ሄደሽ አትቅሪ።»

ልጅቷ በኦሮምኛ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ አለች፤ ተከራይዋ «አሜን»። ከዚያ የልጅ ልጄ ስልኩን ነካችው። አንድ ክብ ነገር ሲዞር፣ ሲዞር ቆየ፤ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየነው።

«ሄደ!» አለች።

አባቷ እሁድ መጣ፣ ተቆጣም። ቻልኩት። ሲበርድለት መንሹን አንስቶ ድርቆሹን አብሮኝ ከመረ።

ቤቱ አሁን ጭር ብሏል፤ አልዋሽም። ግን ልጅቷ ከመረጠችው ዩኒቨርሲቲ ስትደውል ድምጿ ውስጥ ቅሬታ የለም። ከዚያ ጭንቅ ማን አወጣህ ብትሉኝ፣ በራሷ እምነት የማያስፈልጋትን ሳር ጭቃ ረግጣ ያመጣችልኝ ተከራዬ ናት።