ወደ አበባው ዞረው የሚዘፍኑት

ኖርዌይ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት አሉ። ኖርዌጅኛውን ከዕድሜ ጋር ረስተውታል፤ የቀራቸው ጣሊያንኛ ብቻ ነው። እኔ ጣሊያንኛ አልችልም። ኖርዌጅኛውም ቢሆን ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ይጠፋብኛል።

ሴት ልጃቸው አንድ የድሮ ፊልም አምጥታላቸዋለች። ፊልም ገና አፍ ሲፈታ የተሠራ የጣሊያን የዘፈን ፊልም ነው። ብዙው ቦታ ላይ ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ንግግር አይሰማም። ከዚያ ድንገት ሽርጥ የታጠቁ ልጃገረዶች ተሰልፈው ይዘፍናሉ፤ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ወዳለው አበባ ዞረው። ማይክሮፎኑ አበባው ውስጥ ተደብቆ ነው አለችኝ ልጃቸው። ዳር ላይ የቆመችው የአሮጊቷ እናት ናት።

ዘፈኑ ሲያልቅ እሳቸው በሩን ያያሉ። "ማማ?" ይላሉ። ከሥራ የምትመለስ መስሏቸው ኮታቸውን ይዘው ሊቀበሏት ይነሣሉ። ስይዛቸው ይገፈትሩኛል።

"አትዋሺያት፤ እውነቱን ንገሪያት" አለች ልጃቸው፣ ምን ልበላቸው ብዬ ስጠይቃት። አንዲት ቃልም አስተማረችኝ፦ ሞርታ። ሞታለች ማለት ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የለም። አብራኝ የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የአገሬ ሰው አለች። እሷን ለመንኳት።

"እትዬ፣ ጠዋት አብረን እንግባ።"

"አንቺ ሰላምታ እንኳን በሹክሹክታ ነው የምትሰጪው፤ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ሆንሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ግን መጣች።

ቁርስ ሳይቀርብ ገብተን ግራና ቀኝ ተቀመጥን። አንገታችንን ደፋን። አገር ቤት ቢሆን ይሄ ብቻ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን እያዩ ብርድ ልብሱን ወደ አንገታቸው ሳቡ። ቃሉን አወጣሁት።

እናታቸው ያኔ የሞተች ያህል አለቀሱ። እትዬም ያልቀበረቻት የራሷ እናት ትዝ ብላት አብራ አለቀሰች። የክፍሉ ኃላፊ በሩን ከፍታ "ማን ሞተ?" አለች።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም ረስተውታል። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ፤ ከፈትኩላቸው። ሴቶቹ ወደ አበባው ዞረው ዘፈኑ። አሮጊቷም አብረው ዘፈኑ፤ ዳር ያለችውን በጣታቸው ነክተው እየሳቁ አሳዩኝ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ወደ ኋላ መለስኩት። እንደገና መለስኩት። ከጎን ክፍል የታማሚ ደወል ጮኸ፤ መሄድ ነበረብኝ። ሪሞቱን እንደያዝኩ ዘፈኑ አለቀ።

በሩን አዩ።