ዓርብ ዓርብ የሚደርስ ትምህርት

ሀጀራ ከልጇ አንድ ሳምንት ዘግይታ ነበር የምትማረው። ልጇ ዛሂራ ውሃን በተማረች ሳምንት እናትየው ገና ቀለማት ላይ ነበረች፤ ልጅቱ ወደ እንስሳት ስትሻገር እናትየው ውሃው ውስጥ ቀርታለች። ከስንፍና አልነበረም። ሀጀራ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ከሰው ይልቅ መኪና በሚበዛበት ቪላ ውስጥ እያደረች ስለምትሠራ፣ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጇን የምታያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። ልጅቱ የምትኖረው አል-ሳሃፋ በሚባለው ሌላ ሰፈር፣ የወሎ ልጅ ከሆነችው ከመዲና ጋር ነው። አባትየው ወደ ሊቢያ እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወሬው ጠፍቷል።

ዓርብ ሲሆን ዛሂራ የሳምንቱን ትምህርት ትነግራታለች፤ እሷም ይዛው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ወደ ቪላው ትመለሳለች። ቅዳሜ ልጆቹ አዲሱን ሲጀምሩ ሀጀራ አሮጌውን ታኝካለች።

ማኘክ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በቀለማት ሳምንት የጌታዋን ነጭ ጀላቢያ ስትተኩስ ነጩ ነጭ ብቻ እንዳልሆነ አየች፤ እጥፋቱ ውስጥ ሰማያዊ ተኝቷል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የካርቱም አቧራ ያመጣው ስስ ብጫ አለ። በውሃ ሳምንት፣ ያጠበችው በረንዳ እዚያው ዓይኗ ሥር ሲደርቅ፣ "ውሃ ወደ ሰማይ ወጥቶ ይመለሳል" ያለችው ልጇ ትዝ ብላት መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ይሄ የእግር እጣቢ ተንኖ ባቲ ላይ ይዘንብ ይሆን? የአጎቷ ማሽላ ይጠጣው ይሆን?

"ሀጀራ፣ ሰማይ ላይ ምን ጠፋብሽ?" አለቻት እመቤቲቱ ከሶፋዋ።

እመቤቲቱ ክፉ አልነበረችም። ክፋት ድካም ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ድካም የተባለውን ሁሉ ለሠራተኛ የምትተው ሴት ነበረች።

ትምህርት ቤቱ አል-ሳሃፋ ውስጥ ኪራይ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ። ያቋቋሙት በጉርምስናቸው መንግሥት ሊገለብጡ ተነሥተው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ከገለበጠው በኋላም መግለጫ ማውጣት ያልተዉ ስደተኞች ናቸው። ልጆቹ ሃያ አይሞሉም። ኮሚቴው ግን ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ የጸሐፊው ተጠባባቂና ሁሉንም የሚቆጣጠር አጣሪ አካል ነበረው። የግቢው በር አረንጓዴ ይቀባ ወይስ ቀይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሰፊው ሕዝብ ባልሰማበት ስብሰባ ለሁለት ተሰንጥቀው፣ በሩ ሳይቀባ ዝጎ ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ታጋይ መካከል ጠመኔ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ መምህር በየነ። በወጣትነቱ ሌሊት ሌሊት ወረቀት ይበትን ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት የልጆችን ወረቀት ይሰበስባል። የሚመራውም ከአገር ቤት በሰው በሰው በደረሰው፣ ልባሱ በተገነጠለ የመምህር መጽሐፍ ነው። ለየሳምንቱ አንድ ርእስ አለው፤ መጽሐፉ ያለው ይፈጸማል። ልጆቹ ኡስታዝ ሲሉት መምህር በሉኝ እያለ ዓመታት ታግሎ፣ ይህንንም ትግል ተሸንፏል።

የቤተሰብ ሳምንት የመጣው በመጋቢት ነበር። ዓርብ ዕለት ዛሂራ ሥዕሏን ዘረጋችላት። መሐል ላይ መዲና ከነድመቷ ቆማለች፤ ልጅቱ መዲናን የሱዳን ልጆች እናታቸውን እንደሚጠሩት "ዩማ" ነው የምትላት። በወረቀቱ ጠርዝ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ዘንቢል የያዘች ቀጭን ሴት አለች።

"ይቺስ ማን ናት?" አለች ሀጀራ።

"ሀጀራ ናት። የጁምዓዋ።"

ሀጀራ ሳቀች፤ ምሳዋንም በላች። ያን ሳምንት ግን የምታኝከው አልዋጥ አላት። ልጅቱ በስሟ የምትጠራት መዲና ስትጠራት እየሰማች ነው፤ ምን ጥፋት አለባት? መዲና "በይ እማዬ በያት እንጂ" ስትላት ዛሂራ ወዲያው "እማዬ" ትላለች፤ ሾርባሽን ጠጪ ሲሏት እንደምትጠጣው። ሀጀራ ታዞ የመጣ እማዬ አልፈለገችም።

"ሁለተኛ እንዳትነግሪያት" አለቻት መዲናን። "ራሷ ካላለችው ይቅር።"

"ራሷማ እስክትል ጢም ታበቅላለሽ" አለች መዲና።

ከዚያ የባቄላው ሳምንት መጣ።

"ሀጀራ፣ ፉል ጥጥ ውስጥ አስተኛን" አለች ዛሂራ።

"ፉል ይተኛል እንዴ?"

"ይተኛል። ሞያ እናጠጣዋለን፤" ውሃ ማለቷ ነው፤ "ከዚያ ይነሣል። ኡስታዝ ነው ያለው።"

"ተነሥቶስ?"

"ዛፍ ይሆናላ።"

"እኔ የማውቀው ፉል ሲነሣ ወደ ድስት ነው የሚገባው" አለች መዲና ሽንኩርቷን እየላጠች።

ሀጀራ ቪላው ስትመለስ ከማድ ቤቱ ጆንያ አንድ ባቄላ፣ እመቤቲቱ የፊቷን ቀለም ከምትጠርግበት ጥጥ ቁራጭ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆ አነሣች። መስኮት ላይ እንዳታስቀምጠው እመቤቲቱ መስኮቷ ላይ ዝንብ እንኳ ሲያርፍ አትወድም። ስለዚህ በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለው ቀጭን መተላለፊያ፣ ከመከይፉ ጀርባ ደበቀችው። መከይፍ እዚያ አገር በእርጥብ ገለባ አየር እያቀዘቀዘ ወደ ቤት የሚነፋው ሳጥን ነው፤ ጀርባው ሁልጊዜ ይንጠባጠባል፣ ጥላም ነው።

ከምሳ በኋላ ካርቱም በሙሉ ይተኛል። ጌቶች ይተኛሉ፣ ውሾች ይተኛሉ፣ አባይ ራሱ በዚያ ሰዓት የሚሄድ አይመስልም። ሀጀራ መተላለፊያው ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ የመከይፉን ጠብታ እየሰማች የተኛውን ባቄላ ታያለች። ምን ያልም ይሆን? እሷ የምታልመው ያልገባችበትን ክፍል ነበር። ተማሪ ቤት የሚባል ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ስለዚህ ክፍሉን እንዳሻት ሠራችው። ጣራውን ከፍ አደረገችው፤ ግድግዳውን እንደ ጀላቢያው እጥፋት ሰማያዊ ቀባችው፤ ከኋላ አንድ ረጅም አግዳሚ አኖረች፤ ራሷን እዚያ አስቀመጠች። እግሯ ለአግዳሚው ይረዝማል። ከፊት የዛሂራ ሹሩባ ይታያታል። መምህሩ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ዛሂራ ዞር ብላ ወደ ኋላ ታያለች፤ ከዚያ ጠብታው ጠብ ይልና ሀጀራ ትባንናለች።

በሚቀጥለው ዓርብ "ፉላችሁስ ተነሣ?" አለች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

"ሞተ" አለች ዛሂራ። "የሁላችንም ሞተ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የበየነ መጽሐፍ "ብርጭቆዎቹ በቂ ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ላይ ይቀመጡ" ይላል። የጻፉት ሰዎች ፀሐይ እንደ እንግዳ ብቅ በምትልበት ደጋ ላይ ሆነው ነው፤ ካርቱም ላይ ግን ባለቤቷ እሷ ናት፣ በሚያዝያ ደግሞ ሌላ ሰው አታስገባም። በየነ ብርጭቆዎቹን መስኮቱ ላይ በሰልፍ ደረደራቸው። በሁለት ቀን ቆሎ ሆኑ። መጽሐፉ ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ለበየነ የመስመር ለውጥ ስለሆነ፣ ልጆቹን ሰብስቦ መግለጫ ሰጠ።

"ጊዜያዊ ነው አለን" አለች ዛሂራ። "ዩማ፣ ጊዜያዊ ምንድን ነው?"

"እኛ እዚህ የመጣነው ጊዜያዊ ነው" አለች መዲና። "አሥር ዓመታችን።"

የሀጀራ ባቄላ አንድ ነጭ ሥር እንደ ጨቅላ ጣት አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ ተናግራ ነገ ቢሞትባትስ?

በሦስተኛው ዓርብ ብርጭቆውን በነጠላዋ ሸፍና፣ በሚኒባሱ ግፊያ መሐል እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ አመጣችው። ዛሂራ ድመቷን እያባበለች ነበር።

"ፉል አልፏል" አለች ሳታይ። "ኡስታዝ ነገ ጥላ ነው ብሏል።"

ሀጀራ ነጠላውን ገለጠችው። ሁለት ቅጠል፤ ገና ያልተፈታ ሦስተኛ። ዛሂራ ድመቷን ለቀቀቻት። በአንድ ጣቷ ቅጠሉን ነካችው፤ ከዚያ ጣቷን አሸተተች።

"የት ገዛሽው?"

"አልገዛሁትም። አስተኛሁት፤ ተነሣ።"

ልጅቱ ብርጭቆውን አዙራ አየችው። "ክፍል ብወስደው ውሸታም ይሉኛል። ከሱቅ ነው ይሉኛል። አንቺ ነይና ንገሪያቸው።"

"ነገ ሥራ አላት፣ ዛሂራ" አለች መዲና።

"ኸላስ" አለች ልጅቱ። በቃ ማለቷ ነው፤ አላኮረፈችም፣ ድመቷን ልትፈልግ ዞረች። ሀጀራን የወጋት ይሄ አለማኩረፏ ነበር። ይህች ልጅ ከጁምዓዋ ሴት ሌላ ቀን አትጠብቅም።

የቪላው ሕግ አጭር ነው፤ ዓርብ ከመግሪብ በፊት መግባት። ቅዳሜ ደግሞ የጌትየው ወንድሞች ለምሳ ይመጣሉ። ከሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ አንድ ሌሊት ውጭ አድራ ስትመለስ ዘንቢሏን በር ላይ አግኝታዋለች።

"ዛሬ እዚሁ ነው የማድረው" አለች ሀጀራ።

"አበድሽ? ዘንቢልሽን በር ላይ ታገኚዋለሽ፣ ወላሂ።"

"አገኘዋለኋ።"

ክፍሉ እንዳለመችው አልነበረም። ጣራው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ማንም ያልመረጠው ቀለም አለው፤ ከኋላ አግዳሚ የለም፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሀጀራ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በየነ አንገቱን ሰበር አድርጎ "ግቢ እንጂ፣ እኅቴ" ቢላትም እግሯ እምቢ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቱ ነገር ያመጣ ልጅ ቆሞ ያሳያል። በየነ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለው፤ ከማን አገኘኸው? በወጣትነቱ፣ በዚያ በወረቀቱ ዘመን፣ ይህ ጥያቄ ክልክል ነበር፤ የሰጠህን ሰው አታውቅም፣ ብታውቅም አታውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የታፈነ ጥያቄ አሁን በእርሳስ መቅረጫና በወፍ ላባ ላይ ይወጣዋል።

ዛሂራ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

"ከማን አገኘሽው?" አለ በየነ።

"ከሀጀራ።"

"ሀጀራ ማናት?" አሉ ልጆቹ።

"ጠይቀውሻል፣ ንገሪያቸው። ምንሽ ናት?" አለ በየነ።

ዛሂራ ወደ በሩ ዞረች። ሀጀራ ይህንን ዞር ማለት ታውቀዋለች፤ ከመከይፉ ጀርባ ስንት ጊዜ አይታው እዚህ ላይ ባንናለች። ጠብታ ግን የለም። አልረዳቻትም፤ ከንፈሯንም አላንቀሳቀሰችም።

"እናቴ ናት" አለች ዛሂራ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለምን ትጠይቁኛላችሁ በሚል ድምፅ። ቀጥላም "ሪያድ ነው የምትማረው። የኛኑ ትምህርት። ግን ትዘገያለች።"

ልጆቹ ሳቁ። ሀጀራም ጫማዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ ዓይኗን እስኪያረጥበው ድረስ። በየነ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ መመሪያው ከመጀመሪያውም ትክክል እንደነበር፣ ችግሩ የአፈጻጸም እንደሆነ አስረዳ፤ ከዚያም ብርጭቆውን ይዞ ወደ መስኮቱ፣ ወደዚያው ፀሐይ አመራ።

"አይ ጋሼ፣ እዚያ አይደለም" አለች ሀጀራ ሳታስበው፤ ብርጭቆው ጥግ ላይ ካለው የውሃ እንስራ ጀርባ ገባ።

ጥላን የተማሩት ግቢው ውስጥ ነው። የጠዋቷ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ስለነበር ልጆቹ በየተራ እየቆሙ ሌሎቹ ሲሚንቶው ላይ ጥላቸውን በጠመኔ ከበቡ። ዛሂራ እናቷን እየጎተተች መሐል አቆመቻት፤ እጇንም ያዘች። ጠመኔው በሁለቱ ዙሪያ ዞረ፤ እጅና እጃቸው የተገናኘበት ቦታ ላይ መስመሩ አልተቋረጠም። ረፋዱን ጥላዎቹ ከመስመራቸው እየወጡ ወደ እግር ተሰበሰቡ። መጽሐፉ "በቀትር ጥላ ያጥራል" ይላል፤ ካርቱም ላይ ጭራሽ ጠፋ። በየነ መጽሐፉን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለበጠ። ሀጀራ ያለ ጥላ ወደ ሚኒባሱ ሄደች።

ዘንቢሏ በር ላይ ነበር። ዘበኛው ክብሮም አጠገቡ ቆሟል።

"የት ጠፋሽ አንቺ? ሲቲ ስንቴ ጠየቀችኝ።" እመቤቲቱን ማለቱ ነው።

"ትምህርት ቤት ነበርኩ።"

"አሁን ይሄንን ነው የምነግራት?"

"እሱኑ ንገራት።"

ክብሮም ገብቶ ነገራት። እመቤቲቱ ሳቋ እስከ በሩ ተሰማ። ቀጥሎ ራሷ ወጣች፤ ከኋላዋ ያልታጠበ የትናንት ሳህንና በመንገድ ላይ ያለ እንግዳ ነበረባት፤ ይህ ደግሞ የትኛውንም ሕግ ያሻሽላል። "ያላ፣ ግቢ" አለች። "የሚመጣው ጁምዓ ግን የለሽም።"

ሀጀራ ዘንቢሏን አንሥታ ገባች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዓርብ የሌለው ሳምንት ያስለቅሳት ነበር። በዚያ ሳምንት ግን የምታኝከው ትምህርት የዚያው ሳምንት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጇ ጋር እኩል ደርሳለች። ጀላቢያውን ስትተኩስ የእጅጌው ጥላ ግድግዳው ላይ ይዘረጋል፤ ይህን ሰዓት ዛሂራም ጥላ ታያለች።

መዲና በኋላ እንደነገረቻት፣ ልጅቱ ያን ሳምንት የእረፍቱን የፉል ዳቦዋን ሲሚንቶው ላይ፣ የእናቷ መስመር ውስጥ ተቀምጣ ነበር የምትበላው። ሌላ ልጅ እግሩን ሲያስገባ "እናቴን ረገጥካት" ትለዋለች። ኮሚቴው ግቢው ይታጠብ የሚል አጀንዳ ይዞ ተሰበሰበ፤ ይታጠብና አይታጠብ በሚል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጥላውም እንደ በሩ ሳይነካ ቆየ።

ቀትር ላይ ሀጀራ ልብስ ልታሰጣ ወደ በረንዳው ወጣች። ቁልቁል ወደ እግሯ አየች፤ ጥላዋ የለም።

"ደግሞ መሬት ላይ ምን ጠፋብሽ?" አለች እመቤቲቱ ከሶፋዋ።

"አልጠፋም" አለች ሀጀራ። የት እንደተወችው ታውቃለች።